ልጁ የት ደርሷል?
በቤት ለሚማሩ ልጆች ግብ ስለ ማውጣትና የትምህርት መዝገብ ስለ መያዝ

(ከዚህ በታች የቀረበው በራቤልና በአካባቢዋ ደጋ በቤት የሚማሩ ልጆችን ለሚረዱ ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር ነው።)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በአንድ አጭር ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ከቤት የዋለው ልጅ በትምህርቱ የት ደርሷል? ይህን ጥያቄ ለእናቱ ብናቀርብላት «ምን እባካችሁ፣ ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል እንጂ» ትለን ይሆናል። ለታላቅ ወንድሙ ብናቀርብለት «አራተኛ ክፍል ነበር» ይለናል። ለራሱ ለልጁ ብናቀርብለት ደግሞ አንገቱን ይደፋል። ሦስቱም መልሶች እውነት ናቸው። ነገር ግን አንዳቸውም ልጁ ዛሬ ማንበብ የሚችለውን፣ ነገም ሊማር የሚገባውን አይነግሩንም። «ነበር» የምትለው ቃል ብቻ ከባድ ሆና ትቀራለች።

በመንዝና በግሼ ደጋ ማታ በጎች ወደ በረት ሲገቡ ይቆጠራሉ። አንዲት ግልገል ብትጎድል ቤተሰቡ በጨለማ ፍለጋ ይወጣል እንጂ «ነገ ትመጣለች» ብሎ አይተኛም። ልጅ ግን ከትምህርቱ አንድ ዓመት ሲጎድልበት የሚቆጥርለት የለም። ይህም የሚሆነው ወላጅ ለልጁ ስለማያስብ አይደለም፤ በግ በዓይን ይቆጠራል፣ ትምህርት ግን የሚቆጠርበትን ዘዴ ያሳየው ስለሌለ ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ መቁጠሪያ ነው።

የጎደለው ምን ያህል ነው?

እንደሚታወቀው የልጆቻችን ትምህርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተደጋግሞ ተቋርጧል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ዳግመኛ መከፈት የጀመሩትም በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራትም እስከ ሰሜን ሸዋ ድረስ ደረሰ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያም ወዲህ በክልሉ አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሌሎችም ሲከፈቱና ሲዘጉ ቆይተዋል። በ2017 ዓ.ም. የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸውን አስታውቋል።

ይህን ቁጥር በአንድ ልጅ ዕድሜ እንመልከተው። በ2012 ዓ.ም. በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በ2018 ዓ.ም. 13 ዓመት ይሆነዋል። ትምህርቱ ሳይቋረጥበት ቢቀጥል ኖሮ ሰባተኛ ክፍል በሆነ ነበር። አሁን ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከፊቱ የሚጠብቁት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ሁለቱም አስቸጋሪ ናቸው። «ምንም ማስረጃ የለህም» ተብሎ ከ8 ዓመት ልጆች ጋር ቢቀመጥ ኀፍረቱን ሳይችል ትምህርቱን ይተዋል። በዕድሜው ብቻ ተገምቶ ከፍ ወዳለ ክፍል ቢገባ ደግሞ የማይገባውን ትምህርት ሲሰማ ውሎ ሲሰለች እንደገና ይቀራል። ትምህርቱን የተወ ወንድ ልጅ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን የስደት መንገድ ሲያወራ እንሰማዋለን። የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም ከቤት የዋለች ልጃገረድ ደግሞ ሽማግሌ ቶሎ ይላክባታል።

ይህ ነገር የደረሰው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2014 በተነሣው የኢቦላ ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እስከ 2015 ቆዩ። መንግሥት ትምህርቱን በሬዲዮ ለማዳረስ ሞከረ። ሆኖም በዚያ ጊዜ ብዙ ልጃገረዶች አረገዙ፤ ትምህርት ቤት ሲከፈትም እርጉዝ ልጆች ወደ ክፍል እንዳይገቡ ተከለከሉ። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የተዘጋ በር ሲከፈት ለሁሉም እኩል አይከፈትም። ስለሆነም ልጁ በሩ እስኪከፈት ድረስ ዝግጁ ሆኖ እንዲቆይ፣ መዘጋጀቱም የሚታይበት ነገር በእጁ እንዲኖር ያስፈልጋል።

ያለ ክፍል መማር ለአገራችን አዲስ አይደለም

ልጅ ያለ ክፍልና ያለ ደወል ሊማር እንደሚችል አባቶቻችን ያውቁ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው ከፊደል ገበታ ይጀምራል፤ ከዚያም አቡጊዳን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልን አልፎ ዳዊት ይደግማል። የኔታ ተማሪውን «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብለው አይመድቡትም። አንድ በአንድ አስጠርተው ያስነብቡታል፤ የሚያነበውን ሰምተው «ቀጥል» ወይም «ተመለስ» ይሉታል። የ7 ዓመት ልጅ ከ12 ዓመት ልጅ ቀድሞ ዳዊት ሊደግም ይችላል። እያንዳንዱ ተማሪ የት እንደደረሰ መምህሩም፣ ወላጁም፣ ጎረቤቱም ያውቃል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ድግስ ይደግሱለታልና። ግቡ የታወቀ፣ እርከኑ የተለየ፣ ማረጋገጫውም ጆሮ ነው። እኛ ዛሬ ከዚህ የምንወስደው ሥርዓቱን ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት የምናገኘው ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የወንጌላውያን ክርስቲያኖች በ1950ዎቹ ዓ.ም. «የምሥራች ድምፅ» በተባለው የማንበብ ዘመቻ በየመንደሩ ፊደል ያስቆጥሩ እንደነበር በዕድሜ የገፉት ምእመናን ያስታውሳሉ። ኋላም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደረሰ፤ ከተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ሽልማት እስከ ማግኘትም በቃ። ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀት ተቀብለው ወደ ቤታቸው ከገቡት መካከል የሚያነቡት ነገር ባለማግኘታቸው ፊደል የጠፋባቸው ብዙዎች ናቸው። ትምህርት አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚቀመጥ ንብረት አይደለም፤ ካልተጠቀሙበት ይጠፋል። ስለዚህ የምንይዘው መዝገብ ልጁ የተማረውን ብቻ ሳይሆን ያልረሳውንም የሚያሳይ መሆን ይገባዋል።

በመጀመሪያ መነሻውን ማወቅ

ግብ ከማውጣታችን በፊት ልጁ የቆመበትን ቦታ እንወቅ። የክፍሉን ቁጥር ብቻ ማመን አይበቃም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በ8 ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከ3ቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ አሳይቷል። ይህ ከኮሮናም ከጦርነቱም በፊት የሆነ ነው። ስለዚህ «ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ» የሚለው ልጅ ማንበብ ይችላል ብለን አንነሣ።

በህንድ አገር «ፕራታም» የተባለ ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ልጆችን በየቤታቸው እየዞረ የሚመዝንበት አጭር መንገድ አለ። በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዩጋንዳም «ኡዌዞ» በሚል ስም ተሠርቶበታል። ከልጁ ጋር ብቻ ለብቻ ተቀምጦ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሲሆን መምህር ያልሆነ ሰውም ሊሠራው ይችላል። እኛም በአገራችን ፊደል እንዲህ አድርገን ልንጠቀምበት እንችላለን።

በንባብ 5 እርከን አለ። ፊደል የማይለይ፤ ፊደል የሚለይ፤ ቃል የሚያነብ፤ አጭር አንቀጽ የሚያነብ፤ አንድ ገጽ ታሪክ አንብቦ በራሱ አፍ የሚናገር። በሒሳብም እንዲሁ እስከ 9 ያለውን ቁጥር የሚለይ፤ እስከ 99 የሚለይ፤ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ተበድሮ የሚቀንስ፤ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር በአንድ አኃዝ የሚያካፍል። ልጁ ሳይቸገር የወጣው የመጨረሻ እርከን መነሻው ነው። ቀኑንና እርከኑን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንጻፍ። ከዚያም አንድ ጥንቃቄ እናድርግ። ይህን ስንመዝን እኅት ወንድሞቹ ባይቆሙበት ይሻላል፤ የ13 ዓመት ልጅ በ8 ዓመት እኅቱ ፊት ፊደል ሲያጣ ቢሳቅበት ነገ ደብተሩን ደብቆ ከበጎቹ ኋላ ይውላል።

መነሻው ዝቅ ቢል ተስፋ አንቁረጥ። በአገራችን አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃን የ4 ዓመት የመጀመሪያ እርከን በ3 ዓመት እንዲሸፍን ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ከትምህርት ገበታ ለቀሩ ልጆች የተከፈቱ የተፋጠነ ትምህርት ክፍሎች ደግሞ የሦስት ክፍሎችን ትምህርት በ10 ወር ያስተምራሉ። ዕድሜው ከፍ ያለ ልጅ መነሻው ከታወቀለትና በዚያው ከጀመረ የጠፋውን ጊዜ ሊያካክስ ይችላል። ልጁን የሚያዘገየው መነሻው ሳይታወቅ ከመካከል መጀመር ነው።

ግብ እንዴት ይወጣል?

«ሒሳብ አጠናለሁ»፣ «ጎበዝ ተማሪ እሆናለሁ» የሚሉት መልካም ምኞቶች ናቸው እንጂ ግብ አይደሉም። ግብ ሦስት ነገሮችን ይዞ ይገኛል። ምን እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚያልቅ፣ ማለቁም በምን እንደሚታወቅ። ለምሳሌ ያህል፣ «እስከ ጥምቀት የ6ን፣ የ7ንና የ8ን ማባዣ በቃሌ እወጣለሁ፤ እታለም አዘበራርቃ 10 ጥያቄ ስትጠይቀኝ 9ኙን እመልሳለሁ» ቢል ይህ ግብ ነው። «ከሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ ገጽ ሳልንተባተብ አንብቤ ለእማዬ ታሪኩን እነግራታለሁ» ቢል ይህም ግብ ነው።

ስለ ፊደል ስሌቱን አብረን እንሥራ። በተለመደው ገበታ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ቤት 7 ፊደል ስላለው በጠቅላላው 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለልጅ ብናሳየው ተራራ ይሆንበታል። በሳምንት 3 ቤት ቢይዝ ግን በ11 ሳምንት ይጨርሰዋል። ከመስቀል ማግስት ቢጀምር፣ ለአጨዳና ለሕመም ሁለት ሳምንት ብንተውለት እንኳ ለታኅሣሥ ገብርኤል ያበቃል። ልጁ «ለገብርኤል ፊደል እጨርሳለሁ» ብሎ ሲናገር ጊዜውን ራሱ ያየዋል፤ «በአንደኛው መንፈቅ ዓመት» ብንለው ግን ምንም አይታየውም።

የግሼን ደጋ የሥራ ጊዜም አንርሳ። ገብስና ባቄላ በሚታጨድበት በኅዳርና በታኅሣሥ የልጅ እጅ ያስፈልጋል። በልግ በሚዘራበትና በሚሰበሰብበት ጊዜም እንዲሁ ነው። በነዚህ ወራት ግቡ ይቀነስ እንጂ አይሰረዝ፤ በሳምንት 3 ቤት የነበረው 1 ቤት ይሁን። በአንጻሩም በወሩ ውስጥ መሬት የማይቆፈርባቸው በዓላት አሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 ባለወልድ። አገሬው ቀኑን የሚቆጥረው በነዚህ ስለሆነ የሳምንቱን ወይም የወሩን መጠየቂያ በነዚህ ቀናት ብናደርገው አይረሳም፤ ልጁም ከሥራ ያርፋል።

አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ከሦስት ግብ በላይ አይያዝ። አንዱ የንባብ፣ አንዱ የሒሳብ፣ ሦስተኛው ልጁ ራሱ የመረጠው ይሁን። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን ልጁን ደብተሩን እንዲወድ የሚያደርገው እርሱ ነው። የበግ ጠጉር አባዝታ፣ በእንዝርት ፈትላ ለባና የሚበቃ ድውር ማውጣት የምትፈልግ ልጅ ምን ያህል ጠጉር እንደ ገባ፣ ስንት ቀን እንደ ፈጀ፣ በገበያ ስንት እንደሚያወጣ ብትጽፍ ጽሕፈትም ሒሳብም ተማረች ማለት ነው። ግቧን ግን ትልቅ ሰው አይምረጥላት፤ «ምን ለመቻል ትፈልጊያለሽ?» ብለን ጠይቀን መልሱን እንጠብቅ። ዝም ብትልም ነገ እንደገና እንጠይቃት።

መዝገቡ ምን ይመስላል?

መዝገብ ማለት ብዙ ወረቀት ማለት አይደለም። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። መዝገቡ ሦስት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው የዕለት መስመር ነው። ልጁ በተማረበት ቀን አንድ መስመር ብቻ ይጽፋል። ለምሳሌ «ጥቅምት 6። ሰ፣ ሸ፣ ቀ። ሼ ትጠፋብኛለች።» ይህ መስመር ያጠናውንም የጠፋበትንም ይዟል። ልጆች የጠፋባቸውን ለመጻፍ ያፍራሉ። እኛ ደግሞ የጠፋባቸውን በማየታችን እንደምንደሰት ልናሳያቸው ይገባል፤ የነገው ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የጻፈውን ስሕተት ቆጥሮ ልጁን የሚቆጣ ወላጅ ከዚያ ቀን በኋላ የሚያገኘው የሐሰት መዝገብ ነው።

ሁለተኛው የማረጋገጫ ገጽ ነው። ግቦቹ በተራ ይጻፋሉ፤ በእያንዳንዱ ግብ ፊት ሦስት ባዶ ሳጥኖች ይሠመራሉ። ልጁ ግቡን በፈጸመበት ቀን አንደኛው ሳጥን ይሞላል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሳይዘጋጅ ተጠይቆ ከቻለ ሁለተኛው ይሞላል። ከአንድ ወር በኋላ አሁንም ከቻለ ሦስተኛው ይሞላል። ሦስቱ ሳጥኖች ያልሞሉለት ግብ አልተፈጸመም። ቀደም ሲል ፊደል ስለ ጠፋባቸው ጎልማሶች የተናገርነው እዚህ ላይ ይታሰብ፤ ዛሬ የተያዘ ነገር ሁሉ ለነገ የተያዘ አይደለም።

ሦስተኛው የወር ናሙና ነው። በየወሩ በ29 ልጁ በገዛ እጁ አንድ ገጽ ይጽፋል፤ የሚችለውን ይጻፍ፣ ማንም አያርምለት፣ ቀኑ ብቻ ከላይ ይጻፍ። የጥቅምቱ ገጽ ጠማማ ፊደል ሊሆን ይችላል። የሚያዝያው ገጽ ለአጎቱ የተጻፈ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ መምህር ሌላ ማስረጃ ሳይፈልግ ልጁ የሄደበትን መንገድ ያያል። ከሁሉ በላይ ግን ልጁ ራሱ ያየዋል። ትምህርት ቤት ያልሄደ ልጅ «ምንም አልሠራሁም» የሚል ሐሳብ ያድርበታል፤ ይህ ገጽ ሐሳቡን ይመልስለታል።

ደብተሩ ከአሮጌው የውጤት ካርድና ከክትባት ካርዱ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጣራው ማገር ላይ ይንጠልጠል። የደጋው ጭጋግና አይጥ ብዙ ወረቀት አጥፍተዋል። ቤተሰቡ በድንገት ከቤት መውጣት ቢኖርበትም አንድ ጥቅል አንሥቶ መሄድ ይቀላል።

እናቱ ፊደል ባትቆጥርስ?

ብዙ ጊዜ «ወላጆቹ ያልተማሩ ስለሆኑ አይሆንም» ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል ልክ አይደለም። ያልተማረች እናት ሰሚ ልትሆን ትችላለች፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ሰሚ ትልቅ ድርሻ አለው። ልጇ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ይንተባተብ እንደሆነ ትሰማለች። ሲጨርስ «ምን ይላል?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ ታሪኩን አስተካክሎ ከነገራት ገብቶታል ማለት ነው፤ ካልነገራት ቃሉን ብቻ ጠርቷል ማለት ነው። ይህን ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

መዝገቡንም በጠጠር ልትይዝ ትችላለች። ልጇ በተማረበት ቀን አንድ ጠጠር በቆርቆሮ ትጥላለች፤ ወር ሲሞላ ይቆጠራል። ባለፈው ወር 14፣ በዚህ ወር 19 ከሆነ የሚበልጠውን እርሷም ታውቃለች። ልጁ ቁጥሩን በደብተሩ ይጽፈዋል። ገብስ በቁና ሰፍራ ለዓመት የምታብቃቃ ሴት ይህን መቁጠር ያቅታታል ብሎ ማሰብ አይገባም።

በየቀበሌው አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው ከቤት የዋሉ ወጣቶችም አሉ። አንዱ ወጣት በሳምንት አንድ ቀን ስድስት ወይም ስምንት ልጆችን አንድ በአንድ ቢያስነብብ፣ ሳጥኖቹንም ቢሞላ፣ የሳምንቱ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ወጣቱም ራሱ የሚያስተምረውን እንዳይረሳ ይረዳዋል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

አሁን ለባልደረቦቻችን ለሠራተኞች ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ ደብተሩ የልጁ ነው። ለሪፖርት ብለን ከልጁ እጅ አንውሰደው። የምንፈልገው ቁጥር ካለ በራሳችን ወረቀት ላይ እንገልብጥ።

ሁለተኛ፣ በደብተሩ ላይ ከትምህርት በቀር ሌላ ነገር አይጻፍ። አባቱ የት እንደሄደ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ልጆቹ በማን ቤት እንደሚሰበሰቡ መጻፍ አያስፈልግም። በዚህ ጊዜ ወረቀት በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። በማንም ዓይን ቢታይ «ሼ ትጠፋብኛለች» ከሚለው የሚያልፍ ነገር ሊገኝበት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን የምንልከው ቁጥር እውነት ይሁን። «ይህን ያህል ደብተር አደልን» ማለት ቀላል ነው፤ ደብተር መታደሉ ግን ልጁ መማሩን አያሳይም። ይልቁንስ በመስከረም ቃል ማንበብ የማይችሉ ስንት ነበሩ፣ በሚያዝያስ ስንት ቀሩ ብለን እንጻፍ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን እንዳለ ይላክ። ልጆቹን «ስሕተታችሁን ጻፉ» ብለን እያስተማርን እኛ የራሳችንን ብንሸፍን ትምህርታችን ከንቱ ይሆናል።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት

ይህ መዝገብ የክፍል ማለፊያ ሰርተፊኬት አይደለም፤ ለወላጆችም ይህን በግልጽ እንንገራቸው። ልጁን መዝኖ የሚመድበው ትምህርት ቤቱ ነው፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎችንም የሚተካ ነገር የለም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መሰጠት ስለጀመረ በቤት ያለው አሮጌ መጽሐፍ ከክፍሉ መጽሐፍ ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ሆኖም ማንበብና ማካፈል በየትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ማንበብና ማካፈል ነው። መዝገቡ የሚጠቅመው መምህሩ «ከየት ልጀምርልህ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ በዕድሜና በዕውቀት የተለያዩ ብዙ ልጆች የሚገቡበት መምህር እያንዳንዳቸውን እስኪያውቅ ወራት ያልፋሉ፤ ደብተሩን ያየ እንደሆነ ግን በአንድ ቀን ያውቃል። ስለዚህ ልጁ በምዝገባ ቀን ደብተሩን ይዞ ይሂድ፤ ወላጁም «ልጄን መዝኑልኝ» ብሎ ይጠይቅ።

ከሩቅ የምትረዱን ምእመናንም የእናንተ ድርሻ ምን እንደሆነ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደብተር፣ እርሳስና የሚያነበው መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚነበብ ነገር ላኩ፤ ልጆቻችሁ የጨረሷቸው የአማርኛ መጻሕፍት ከቤታችሁ ጥግ ተቀምጠው ይሆናል። ደግሞም የሚላክላችሁን ሪፖርት ስታነቡ «ስንት ልጆች ተረዱ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «የት ደርሰዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተ ይህን ከጠየቃችሁ እኛም ልጆቹን እንጠይቃለን፤ እኛ ከጠየቅን እናቶች ይጠይቃሉ፤ ልጁም ስለ ራሱ መቁጠር ይለምዳል።

ሥራው ነገ በአንድ ቤት ይጀመር። አንድ ልጅ ይመዘን፣ መነሻው ይጻፍ፣ ሦስት ግቦች ይውጡ፣ ቀጠሮውም ለሚመጣው በዓል ይያዝ። በዚያ ቀን ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ የሚሰማው ሰው ተቀምጦ ይጠብቀው።